11 መጽሐፍ፣ አንድም ሌንስ

ጥያቄ፦

«ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ የምሠራው ግን ፕሮግራሚንግ ነው። የሌንስ ዲዛይን መማር ፈልጌ በጉዳዩ ላይ ጥሩ ነው የተባለውን መጽሐፍ ሁሉ ስሰበስብ 11 ደረሰ። አንዱን እጀምርና ሂሳቡ ሲከብደኝ ወደ ሌላው እዘላለሁ። በመሐል ሶፍትዌር ጫንኩ። ኦፕቲማይዝ ስለው ቁጥሩ ይሻሻላል፣ የሚወጣው ሌንስ ግን ያስቃል። ጠርዙ ላይ ውፍረቱ ከዜሮ በታች የሆነ ሌንስ ሁሉ ሰጥቶኛል። ሕልሜ የስልክ ካሜራ ሌንስ መሥራት ነው። የቱን መጽሐፍ ላስቀድም? ሶፍትዌር ባለበት ዘመንስ በእጅ ማስላት ምን ያደርግልኛል?

ሌንስ ያዞረው»

መልስ፦

ወንድሜ ሰላም። ቅር እንዳይልህ እንጂ 11 መጽሐፍ በዝቷል። በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ አትክፈት፤ አንዱ የምትሠራበት፣ ሌላው ሲጨንቅህ የምታማክረው። የቀሩት መደርደሪያ ላይ ይቆዩ፣ ተራቸው ይደርሳል። ያስቸገረህ የመጽሐፍ እጥረት አይደለም። እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት እርሳስና ወረቀት ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ነው። አንተ ደግሞ እንደ ልቦለድ ገጽ እየገለጥክ ያነበብካቸው ይመስለኛል። እንደዚያ ከተነበቡ የትኛውም አይገባም፣ ምርጡም ቢሆን።

ጠርዙ ከዜሮ በታች ስለሆነው ሌንስህ ብዙ አትጨነቅ፤ ጀማሪ ሁሉ ያየዋል። ሶፍትዌሩ መስታወት ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው አንተ የሰጠኸውን ሜሪት ፋንክሽን ብቻ ነው፤ «ይህ ቁጥር ይነስልኝ» ያልከውን ማለት ነው። የጠርዙ ውፍረት ከዚህ እንዳይወርድ ብለህ ካላዘዝከው የሌንሱ ሁለት ገጾች ተቋርጠው ቢተላለፉም ግድ የለውም። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ኦፕቲማይዜሽን አንተ ካስቀመጥከው ቦታ ተነስቶ በአቅራቢያው ወዳለው ዝቅተኛ ነጥብ ይወርዳል፣ እዚያም ይቆማል። መነሻህ መጥፎ ከሆነ የምታገኘው ትንሽ የተሻሻለ መጥፎ ሌንስ ነው። ጥሩ መነሻ የሚገኘው ደግሞ ከቀጭን ሌንስ ሂሳብ (የሌንሱ ውፍረት እንደሌለ ተቆጥሮ ከሚሠራው) ነው፣ ያ ሂሳብ አንድ ወረቀት አይሞላም። በእጅ ማስላት ምን ያደርጋል ላልከው መልሱ ይኸው ነው፤ ወደ ታች በቁጥር አሳይሃለሁ።

ፊዚክስ ስለተማርክ ከ11ዱ አንዱ የዩጂን ሄክት «ኦፕቲክስ» ሳይሆን አይቀርም። ግሩም መጽሐፍ ነው፣ ግን ሌንስ ዲዛይን ላስተምር ብሎ አልተነሳም። አብዛኛው ስለ ሞገድ፣ ስለ ኢንተርፈረንስ፣ ስለ ፖላራይዜሽን ነው። የጂኦሜትሪ ኦፕቲክሱን፣ ምዕራፍ 5ን እና 6ን፣ ከልስና ዝጋው። ጨረርን በፓራክሲያል ቀመር (ለሌንሱ መሐል መስመር ቅርብ ለሆኑ ጨረሮች በሚሠራው) ከሌንስ ገጽ ወደ ገጽ ማሳለፍ እና ስቶፑ (የብርሃኑን መጠን የሚገድበው ቀዳዳ)፣ መግቢያ ፒዩፒሉና መውጫ ፒዩፒሉ (ስቶፑ ከፊትና ከኋላ ሲታይ የሚሰጠው ምስል) የት እንዳሉ ማግኘት ከቻልክ ይበቃሃል። ፒዩፒልን ቸል አትበል። እሱ ያልገባው ሰው ስቶፕ ሲንቀሳቀስ ኮማና አስቲግማቲዝም (ከምስሉ መሐል የራቁ ነጥቦችን የሚያበላሹ ጉድለቶች) ለምን እንደሚለዋወጡ አይገባውም።

የመጀመሪያው የሥራ መጽሐፍህ የዋረን ስሚዝ «ሞደርን ኦፕቲካል ኢንጂነሪንግ» ይሁን። መጀመሪያ የወጣው በ1966 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ከዚያ ወዲህ እስከ አራተኛ እትም ደርሷል። ስሚዝ ኢንዱስትሪ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፣ አጻጻፉም ያስታውቃል። ቀመሩን ያመጣና መቼ እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደሚያሳስት ወዲያው ይነግርሃል። ከዳር እስከ ዳር ልጨርሰው አትበል፤ እዚያው ትቀራለህ። ስለ ምስል አፈጣጠር፣ ስለ ስቶፕና ፒዩፒል፣ ስለ አበሬሽን (ሌንስ ምስሉን የሚያበላሽባቸው ጉድለቶች) የሚያወሩትን የፊተኞቹን ምዕራፎች በደንብ ሥራቸው። ስለ ዓይን፣ ስለ ራዲዮሜትሪ፣ ስለ መስታወት ሽፋን የሚለውን ሲያስፈልግህ ትመለስበታለህ።

ይኸው ደራሲ «ሞደርን ሌንስ ዲዛይን» የሚል ሌላ መጽሐፍም አለው። ስሙ ስለሚስብ ብዙ ሰው እሱን ቀድሞ ያነሳል፣ ከዚያም ይደነግጣል። ብዙው ክፍል የተሠሩ ሌንሶች ስብስብ ነው፤ ሬዲየስ፣ ውፍረት፣ የመስታወት ዓይነት፣ የአበሬሽን ግራፍ። ግራፉን ማንበብ ላልለመደ ሰው ብዙ አይነግረውም። በኋላ ግን ከእጅህ አይወጣም።

ሁለተኛው፣ እኔ ዋናው የምለው፣ የሩዶልፍ ኪንግስሌክ «ሌንስ ዲዛይን ፈንዳሜንታልስ» ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቁ መጽሐፉን ለመረዳት ይረዳልና ትንሽ ላውራህ። ኪንግስሌክ ለንደን፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተማረው በአሌክሳንደር ኮንራዲ እጅ ነው። ኮንራዲ ያኔ በየፋብሪካው ተሸሽጎ የኖረውን የሌንስ ስሌት ክፍል ውስጥ ካስተማሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ኪንግስሌክ የመምህሩን ልጅ ሂልዳን አገባ፤ እሷም የኦፕቲክስ ባለሙያ ነበረች። በ1929 አዲስ ወደተቋቋመው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቲክስ ኢንስቲትዩት ለማስተማር አሜሪካ ሄደ። በ1937 ኮዳክ ገባ፣ በኋላም የሌንስ ዲዛይን ክፍሉን መራ። መጽሐፉ የወጣው በ1978 ነው፣ ሰውየው ከኮዳክ ጡረታ ከወጣ በኋላ። እንግዲህ በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ጨረር ማስላት ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ የደረሰ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ ያስተማረ ሰው ነው የሚያናግርህ። ለዚህ ነው «ቀጥሎ ኦፕቲማይዝ አድርግ» ብሎ የማያልፍህ። ይህን ሬዲየስ ለወጥኩ፣ ይህ ጉድለት በዚህ ያህል ወረደ፣ ያኛው ግን ወጣ፣ ስለዚህ ቀጥሎ ያንን ነካሁ እያለ እጅህን ይዞ ይወስድሃል። ቁጥሮቹ ሁሉ እዚያው ስላሉ አብረኸው ማስላት ትችላለህ።

በ2010 ባሪ ጆንሰን አስፍቶት ሁለተኛ እትም ወጥቷል። የቱ ይሻላል ካልከኝ፣ ለመጀመሪያ ንባብ እኔ የድሮውን እመርጣለሁ፤ አጠር ያለ ነው፣ አንድ ሰው ሲያወራህ ይሰማሃል። አዲሱ ብዙ ነገር ጨምሯል። በእጅህ ያለው አዲሱ ከሆነ ግን በእሱ ቀጥል። እትም ፍለጋ ሌላ ወር እንዳታባክን።

መጽሐፍ ስትቀይር መጀመሪያ የምታየው የምልክት ስምምነቱን ይሁን። የጨረር ዘንበልታ መቼ ፖዘቲቭ፣ መቼ ነጌቲቭ እንደሚባል ደራሲዎቹ አይስማሙም። ያንን ሳታረጋግጥ የአንዱን ቀመር ከሌላው ጋር ከቀላቀልክ መልሱ እውነት የሚመስል ውሸት ይሆናል። ሰው ለቀናት የሚጨቃጨቅበት ስህተት ብዙ ጊዜ አንዲት የመቀነስ ምልክት ናት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኪንግስሌክን ይዘህ ከዚህ በታች ያሉትን ሦስት መልመጃዎች ሥራ። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትረሳው እነዚህን አትርሳ።

መጀመሪያ አንድ ነጠላ ሌንስ። አንድ ገጹ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጉብ ያለ፣ የትኩረት ርቀቱ 100 ሚሊሜትር። ከሩቅ የሚመጣው ብርሃን በጠፍጣፋው በኩል ይግባና ስፌሪካል አበሬሽኑን አስላ፤ የዳር ጨረሮችና የመሐል ጨረሮች በተለያየ ቦታ የሚሰበሰቡበትን ጉድለት ማለት ነው። ከዚያ ሌንሱን ገልብጠው። ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (መስታወቱ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚናገረው ቁጥር) 1.5 ከሆነ ጉድለቱ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይወርዳል። መስታወቱ ያው፣ የትኩረት ርቀቱ ያው። የተለወጠው ብርሃኑን ቀድሞ የሚቀበለው ገጽ ብቻ ነው። ለምን? ጠፍጣፋው ፊት ሲሆን ትይዩ የመጣው ጨረር ምንም ሳይታጠፍ ያልፈውና የማጠፉ ሥራ በሙሉ በኋለኛው ገጽ ላይ ይወድቃል። ጉብ ያለው ፊት ሲሆን ግን ሁለቱ ገጾች ሥራውን ይካፈሉታል። ይህን አንዴ ራስህ ካሰላኸው፣ ነገ 15 ሌንስ ያለው ዲዛይን ሲያጋጥምህ ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው ከአቅሙ በላይ የሚለፋውን ገጽ ይሆናል። ልምድ ያላቸው ዲዛይነሮች ስዕል ብቻ አይተው «ይህቺ ቦታ ታስቸግራለች» የሚሉት በዚህ ነው።

ሁለተኛው የቀለም ጉዳይ ነው። 100 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለውን ነጠላ ሌንስ ቢኬ7 ከሚባለው የተለመደ መስታወት ብትሠራው፣ ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን የሚሰበሰቡበት ቦታ በ1.56 ሚሊሜትር ገደማ ይለያያል። ይህ የሚገኘው የትኩረት ርቀቱን ለመስታወቱ አቤ ቁጥር በማካፈል ነው፤ የቢኬ7 አቤ ቁጥር 64.17 ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መስታወቱ ቀለምን ይበልጥ ይበትናል። ኒውተን ይህን ጉድለት በሌንስ ማቃናት አይቻልም ብሎ ደምድሞ ወደ አንጸባራቂ ቴሌስኮፕ ዞረ። መንገዱን ያገኘው በ1730ዎቹ ቼስተር ሙር ሆል የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ነው፤ ጆን ዶሎንድ ደግሞ በ1758 ፓተንት አወጣበት። መፍትሔው ሁለት የተለያየ መስታወት ማጣመር ነው፤ ይህ ዳብሌት ይባላል።

አሁን አስላው። ከቢኬ7 ጋር ኤፍ2 የሚባለውን መስታወት አጣምር፤ የዚህኛው አቤ ቁጥር 36.37፣ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ 1.62 ነው። የሁለቱ አቤ ቁጥሮች ልዩነት 27.80 ይመጣል። የሌንስ ኃይል አንድ ሲካፈል ለትኩረት ርቀቱ ነው። የመጀመሪያው ሌንስ ኃይል ማለት ጠቅላላው ኃይል ሲባዛ በራሱ አቤ ቁጥር፣ ሲካፈል ለልዩነቱ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ግን በመቀነስ ምልክት። ለ100 ሚሊሜትር ዳብሌት የመጀመሪያው የትኩረት ርቀት 43.3 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው ከዜሮ በታች 76.4 ሚሊሜትር ይወጣል። ቁጥሮቹን ቆም ብለህ እያቸው። 100 ሚሊሜትር ለማግኘት 43 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ ሌንስ ሠርተህ፣ ግማሽ በላዩን በሌላ ሌንስ መልሰህ አጠፋኸው። ቀለም የማቃናት ዋጋው ይህ ነው። የሁለቱ አቤ ቁጥሮች ይበልጥ ቢቀራረቡ ሁለቱም ሌንሶች እየበረቱ፣ ገጾቹ እየጎበጡ፣ ሌላው አበሬሽን እየበዛ ይሄዳል። ሶፍትዌር መስታወት ሲመርጥልህ የማይነግርህ ነገር ይህ ነው።

እንቀጥል። የቢኬ7ቱን ሌንስ በሁለቱም በኩል እኩል ጉብ ካደረግከው ሬዲየሱ 44.8 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ኤፍ2ቱ በእሱ ላይ ስለሚጣበቅ የፊት ገጹ ታወቀ ማለት ነው። የቀረውን የመጨረሻ ገጽ አስላው፤ 812 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለህ። ጠፍጣፋ ለመሆን ብዙም አልቀረውም። በል እንግዲህ፣ ሦስት ሬዲየስ አለህ። ተገቢውን ውፍረት ስጥና ሶፍትዌር ውስጥ አስገባው። የሦስቱ ቀለማት መሰብሰቢያ ምን ያህል እንደተቀራረበ እይ። ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፤ በተለመዱ መስታወቶች የሚቀረው ልዩነት ከትኩረት ርቀቱ 2000ኛው እጅ ገደማ ነው፣ እዚህ ወደ 0.05 ሚሊሜትር። ከዚያ የሁለቱን ሌንሶች ኃይል ሳትነካ ቅርጹን ብቻ ቀያይር፤ ስፌሪካሉና ኮማው እንዴት እንደሚወጡና እንደሚወርዱ መዝግብ። ኦፕቲማይዝ የሚለውን የምትጫነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከሶፍትዌሩ የምትጠብቀው ማጥራት ብቻ ነው፣ ፈጠራው ያንተ ሆኗል።

ሦስተኛው ትሪፕሌት ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩል። ዴኒስ ቴይለር በ1893 የፈጠረው ነው፣ ዮርክ ከተማ በነበረው የኩክ ፋብሪካ ሲሠራ፤ ኩክ ትሪፕሌት የተባለውም ለዚህ ነው። ሦስት ሌንስ ብቻ ነው፦ ዳርና ዳር አሰባሳቢ፣ መሐል በታኝ። ውበቱ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። የምትለውጠው ስድስት ጉብጠትና ሁለት ክፍተት ነው፣ 8። የምትቆጣጠረው ደግሞ የትኩረት ርቀቱን፣ ሁለቱን የቀለም ጉድለቶች (በርዝመትና በጎን የሚታዩትን) እና አምስቱን የዛይድል አበሬሽኖች ነው፦ ስፌሪካል፣ ኮማ፣ አስቲግማቲዝም፣ የምስል ሜዳ ጉብጠት (ምስሉ ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ባለ ገጽ ላይ መሰብሰቡ) እና ዲስቶርሽን (የምስሉ ቅርጽ መዛባት)። እሱም 8። አንድ ሌንስ ቢቀንስ አይበቃም።

በታኙ መሐል ለምን ተቀመጠ? የሜዳውን ጉብጠት የሚወስነው የፔትዝቫል ድምር የሚባለው ነው፤ እሱ የሌንሶቹን ኃይልና መስታወት እንጂ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አያይም። ሌንስ ጨረርን የማጠፍ አቅሙ ግን ጨረሩ ምን ያህል ከመሐሉ ርቆ እንደሚመታው ይወሰናል። ስለዚህ በታኙን ከፊተኛው አርቀህ ጨረሩ ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ታስቀምጠዋለህ። የሜዳውን ጉብጠት ሙሉ በሙሉ ይታገልልሃል፣ መሰብሰቡን ግን ያን ያህል አያዳክምብህም። ይህ አንድ ሐሳብ በፎቶግራፍ ሌንሶች ሁሉ ውስጥ ተደብቆ ታገኘዋለህ፤ ትሪፕሌትን በደንብ የሠራ ሰው ሌላው ሲመጣ አይደናገጥም።

ቲዎሪው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፣ ከዳብሌቱ በፊት አይደለም። የዌልፎርድ «አበሬሽንስ ኦቭ ኦፕቲካል ሲስተምስ» የ1986 መጽሐፍ ነው፤ ጥብቅ ነው፣ አይቀልድም። ምናልባት ሂሳቡ በዝቶብኝ ዘለልኩ ያልከው እሱን ይሆናል። ለስለስ ያለ ከፈለግክ የማይክል ኪጀር «ፈንዳሜንታል ኦፕቲካል ዲዛይን» መሐሉን ይይዛል። ሆሴ ሳሲያን በ2019 ያወጣው «ኢንትሮዳክሽን ቱ ሌንስ ዲዛይን» ደግሞ ዛሬ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደሚመስል ያሳይሃል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ። እኔ ብሆን ላንተ ኪጀርን እሰጥሃለሁ፤ ዌልፎርድን የሆነ ቀን «ይህ ቀመር ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሳህ ታወጣዋለህ።

ከቲዎሪው አንድ ነገር አሁኑኑ ልስጥህ፣ በየቀኑ ስለሚያገለግል። ምስልህ ብዥ ሲል አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት) በግማሽ አጥብበው። ብዥታው ወደ አንድ ስምንተኛ ከወረደ ስፌሪካል ነው። ወደ አንድ አራተኛ ከወረደ ኮማ ነው። በግማሽ ብቻ ከቀነሰ አስቲግማቲዝም ወይም የሜዳ ጉብጠት ነው፤ የትኩረቱ ቦታ ራሱ ተዛብቶም ከሆነ እንደዚሁ በግማሽ ይቀንሳልና መጀመሪያ እሱን አስተካክል። ምንም ካልተለወጠ ዲስቶርሽኑን ወይም የጎን ቀለሙን ጠርጥር፤ እነዚህ አፐርቸር አይነካቸውም። እርግጥ በእውነተኛ ሌንስ ውስጥ ሁሉም ተቀላቅለው ነው የሚመጡት፣ ግን ማን አለቃ እንደሆነ ይለይልሃል። ደግሞ ማቆሚያውን እወቅ። ኤፍ-ቁጥሩ (የትኩረት ርቀቱ ሲካፈል ለአፐርቸሩ ስፋት) 4 በሆነ ሌንስ፣ በአረንጓዴ ብርሃን፣ ፍጹም የሆነ ሌንስ እንኳ ከ5.4 ማይክሮን ገደማ ያነሰ ነጥብ አይሰጥህም፤ ብርሃን ሞገድ ስለሆነ። በጨረር ስሌት ብቻ ያገኘኸው ነጥብ ከዚያ በጣም ካነሰ ማሻሻልህን ተው፤ ድካሙ በከንቱ ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ የጆሴፍ ጊሪ «ኢንትሮዳክሽን ቱ ሌንስ ዲዛይን» ከዜማክስ ጋር አብሮ እንዲሠራ የተጻፈ ነው። በ2002 ስለወጣ የሚያሳይህ ስክሪን ዛሬ ከምታየው ጋር አይመሳሰልም። አያሳስብህ፤ አካሄዱ አላረጀም። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ እያንዳንዱ የሚሠራ ነገር ይሰጥሃል። ከኪንግስሌክ ጎን ለጎን ብትከፍተው ያስኬዳል። ትላልቆቹ ፕሮግራሞች፣ ዜማክስም ኮድ ቪም፣ ለግለሰብ የማይቀመሱ ናቸው። ኦስሎ የሚባለው ፕሮግራም ግን እስከ 10 የሌንስ ገጽ የሚቀበል ነጻ የትምህርት እትም አለው፤ ትሪፕሌት ስድስት የመስታወት ገጽ ስለሆነ ይበቃሃል። ፓይተን የምትጽፍ ከሆነ ሬይኦፕቲክስና ኦፕቲላንድ የሚባሉ ክፍት ፕሮጀክቶችም አሉ።

ፕሮግራመርነትህ እዚህ ጋ ሀብት ነው። የራስህን የጨረር ማሳለፊያ ጻፍ። የስኔል ሕግ፣ የክብ ገጽ እኩልታ፣ አንድ ሉፕ፤ በቃ፣ ረጅም ኮድ አይደለም። ከዚያ ኪንግስሌክ ቁጥር አሟልቶ የሰጠውን አንድ ሌንስ አስገባና መልስህ ከእሱ መልስ ጋር እስኪገጥም አትነሳ። በሦስተኛው አሐዝ ላይ ብቻ ከተለያየ «ይቅርብኝ» አትበል፤ የሆነ ነገር ተሳስቷል። ይህን የጨረሰ ሰው ሶፍትዌሩ የሚያወጣለትን ቁጥር በዝምታ አይቀበልም፣ ይጠይቃል።

መነሻ ዲዛይን ሲያስፈልግህ የሚልተን ላይኪን «ሌንስ ዲዛይን» እና ቀደም ብዬ ያነሳሁት የስሚዝ ስብስብ ይጠቅሙሃል። ከእነሱ የማያንስ ምንጭ ደግሞ ፓተንት ነው፤ ሬዲየሱ፣ ውፍረቱ፣ መስታወቱ በሠንጠረዥ ታትሞ በነጻ ይገኛል። መጠኑ ካልተስማማህ ርዝመቶቹን ሁሉ በአንድ ቁጥር አባዛቸው፤ ሌንሱ ሌንስነቱን አይለቅም። ግን አበሬሽኑም አብሮ ያድጋል፤ የሞገዱ ርዝመት ግን አያድግም። ትንሽ ሆኖ ፍጹም የነበረ ሌንስ አሥር እጥፍ ሲሆን ላይረባ የሚችለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የስልኩ ሌንስ። አሁን አይሆንም። የስልክ ካሜራ ሌንስ በሻጋታ የተሠሩ የፕላስቲክ ሌንሶች ድርድር ነው። ገጾቹ የኳስ ቅርጽ የላቸውም፤ ቅርጻቸው በረጅም ፖሊኖሚያል ነው የሚገለጸው። አንዱ ገጽ መሐሉ ጉብ ብሎ ዳሩ ሊሰረጉድ ይችላል። ከላይ ያስተማርኩህ የቅርጽና የኃይል ስሜት እዚያ ውስጥ አለ፣ ግን በብዙ ተለዋዋጭ ተሸፍኗል። በዚያ ከጀመርክ እንደገና ሶፍትዌሩን እየተጫንክ መቀመጥህ ነው። ትሪፕሌቱን ጨርስ፣ ከዚያ ከትሪፕሌቱ አንዱን ገጽ አስፌሪክ (የኳስ ቅርጽ የሌለው) አድርገውና ምን እንደቀለለህ እይ። የስልክ ሌንስ ፓተንት የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

የኮንራዲን «አፕላይድ ኦፕቲክስ ኤንድ ኦፕቲካል ዲዛይን» ሰዎች «መጽሐፍ ቅዱሱ» ሲሉት ሰምተህ ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል በ1929፣ ሁለተኛው ሰውየው በ1944 ካረፈ በኋላ በ1960 ወጣ፤ ያዘጋጀውም ያው ኪንግስሌክ ነው። ጥልቅ ነው፣ ግን አገላለጹ የዘመኑ ነው፣ ስሌቱ ለሎጋሪዝም የተመቻቸ ነው። ኪንግስሌክን ሳትጨርስ አትክፈተው። በጣም የምትወደው ሰው ከሆንክ ራሱ ይጠራሃል።

ማንም ጀማሪ የማይጠይቀው፣ አንተም ያልጠየቅከኝ፣ አንድ ነገር ይቀራል፤ ሌንሱ ይሠራል ወይ? ወረቀት ላይ ያማረ ሌንስ፣ ሬዲየሱ ትንሽ ሲሳት ወይም አንዱ ሌንስ ከመሐል ጥቂት ማይክሮን ሲወጣ የሚፈርስ ከሆነ ዋጋ የለውም። ስለ ቶለራንስ (በሥራ ላይ ስለሚፈቀደው የስህተት መጠን) የሮበርት ሻነን «ዘ አርት ኤንድ ሳይንስ ኦቭ ኦፕቲካል ዲዛይን» እና የሮበርት ፊሸርና የቢልያና ታዲች-ጋሌብ «ኦፕቲካል ሲስተም ዲዛይን» ጥሩ ናቸው። ሥራ መቀጠር ካሰብክ ፊሸርን አስቀድም፤ ፋብሪካ የሚጠይቅህን ያወራል። ሃብል ቴሌስኮፕን አስታውስ። በ1990 ወደ ሕዋ ሲላክ የዋናው አንጸባራቂ መስታወት ዲዛይን ትክክል ነበር። መስታወቱ ሲለሰልስ መመርመሪያ የሆነው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊሜትር ከቦታው ወጥቶ ነበር፤ በዚያ ምክንያት 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በጠርዙ ላይ በ2.2 ማይክሮን ገደማ ተሳስቶ ተሠራ። ውጤቱ ያው የመጀመሪያው መልመጃህ ነው፣ ስፌሪካል አበሬሽን። ማቃኛ ኦፕቲክስ የተገጠመለት በ1993 ነው።

ሂሳብህ ይበቃል፤ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ካለህ ኪንግስሌክን ትጨርሳለህ። ዳብሌቱን በሚቀጥሉት ቀናት ሞክረውና ጻፍልኝ። የሆነ ቦታ ከተጣበቅክ ግን ስዕል ብቻ አትላክልኝ። ሦስቱን ሬዲየሶች፣ ውፍረቶቹን፣ የመስታወቶቹን ስም፣ ስቶፑ የት እንዳለና በምን ያህል አፐርቸር እንዳሰላኸው ጻፍ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ልረዳህ አልችልም።